የራቤልን ድስት ላመጣ ሄጄ

ዓለም ከተማ ገበያ ላይ «ራቤል ደርሼ መጣሁ» ያልኩት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ብርዱስ?» ይለኛል። ብርዱማ ብርድ ነው፣ ምን ይባላል! ስለ ብርዱ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ወደዚያ የመሄድ አሳብ እንደሌለው ስለማውቅ፣ ያየሁትን አንድ ጊዜ በወረቀት አስፍሬ ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። እኛ የመርሐቤቴ ሰዎች አዲስ አበባ ለመመላለስ አንሰንፍም። መንዝን አቋርጦ ራቤል ያለችበት ግሼ የገባ ሰው ግን በሰፈራችን ከእኔና ከጋሽ ደምሴ ሌላ አላውቅም።

የሄድንበት ጉዳይ ድስት ነው። እኔ በወረዳችን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። ከተማችን ውስጥ ለሸማኔዎች ክር የሚያቀልሙ ሴቶች አሉ፤ በየጓሯቸው አንድ ድስት፣ ከየድስቱ ሥር አንድ እሳት አለ። እንጨቱ የሚመጣው ወደ ጀማ ከሚወርደው ገደል ነው። ልጅ ሳለሁ ዝንጀሮ የሚደበቅበት ጫካ የነበረው ዳገት ዛሬ ራሰ በራ ሆኖ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን ለጀማ ይገብራል። «ክላስተር» የሚባለው ቃል ከላይ የወረደልን እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው። ቃሉ ከባድ ይምሰል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ተዛማጅ ሥራ ያላቸውን ሰዎች አንድ ግቢ አሰባስቦ በአንድ እሳት፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ መጋዘን እንዲሠሩ ማድረግ ነው። የአንዱ ጥራጊ ለሌላው ጥሬ ዕቃ ይሆናል፣ ጭሱ ያንሳል፣ ገቢው ይጨምራል፣ ዳገቱም ትንሽ ይተነፍሳል። በየቢሮው «አረንጓዴ ኢኮኖሚ» የሚል ፖስተር ተለጠፈ። የእኛ ቢሮ ፖስተር ላይ ያለው ዛፍ በወረዳችን ከቀረው ዛፍ ሁሉ ያምር ነበር።

በአካባቢያችን ለዚህ ሥራ የመጣው ትልቅ ውሃ ማፍያ ቦይለር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ለራቤል የበግ ጠጉር አጣቢዎች ተሰጠ። ዓመት ሳይሞላው «ቦይለሩ ቀዝቅዞ ተቀምጧል» የሚል ወሬ መጣ። አለቃዬ ጠራኝና «ሂጂና እይው። የማይሠራ ከሆነ ለእኛ እንዲዛወር ሪፖርት ጻፊ። ለወጉ የልምድ ልውውጥ እንበለው» አለኝ። ሸማኔዎቹ ደግሞ አብረውኝ እንዲሄዱ ጋሽ ደምሴን መረጡ። ጋሽ ደምሴ ስልሳ ያለፋቸው፣ ሸማ ሲሠሩ እጃቸው የሚመሰገን፣ ብርድ ሲባል ግን ስሙን ሲሰሙ የሚንቀጠቀጡ ሰው ናቸው። ክር አቅላሚዎቹ ሴቶች ሲሸኙን «ዘነቡ፣ ያለ ድስት እንዳትመለሺ!» አሉኝ። ከመካከላቸው አንዷ አማቴ ናት፤ ስለዚህ ነገሩ የቢሮ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርን። አውቶቡሱ ወደ ጀማ እየወረደ ሲሄድ ሙቀቱ እየበረታ መጣ፤ ጋሽ ደምሴ ግን ሁለት ጋቢ ደርበው ላባቸው በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ኋላ ስፈልገው ከጭነት ሥር ማን ያወጣልኛል? አሁኑኑ ለብሼ ልጠብቀው» አሉ።

ድልድዩን ተሻግረን የለሚን ዳገት ልንጨርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ክሪክ ፍለጋ ወንበር ሥር ገባ፤ ክሪኩ ለካ ትናንት ለሌላ መኪና በውሰት ተሰጥቶ ነበር። ወንዶቹ ድንጋይ እየደረደሩ ሲታገሉ፣ አንዲት ሴት ከማሳዋ በእቅፏ ሙሉ የሽምብራ እሸት ይዛ መጣችና ለተሳፋሪው ሁሉ አደለች። ሂሳብ ስንጠይቃት «መንገደኛ አይደላችሁ?» ብላ ተቆጣች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፈርኩ። እኛ ሰፈር አውቶቡስ ሲበላሽ የሎሚ ዋጋ ወዲያው ይጨምራል። ጎማው ሲቀየር ሁላችንም ከንፈራችን አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሽቶ ነበር። እኛ አገር በር ከፍተን ነው የምንተኛው። እዚያ ግን የሆቴሉ ሠራተኛ ሦስት ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ደርድራ «አራተኛ ይጨመር?» አለችን። ጋሽ ደምሴ «አራተኛውን ዝለይና አምስተኛውን አምጪ» አሏት። ልጅቷ ስቃ ሁለቱንም አመጣችላቸው። ጠዋት ላይ ከዚያ ሁሉ ልብስ ሥር ሲወጡ ፊታቸው ከእንቅልፍ የተነሳ ሳይሆን ከትግል የተመለሰ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

እሑድ ወደ መሃል ሜዳ ተጓዝን። ጣርማ በር ላይ ንፋሱ አውቶቡሱን እንደ እንሥራ ያፏጨው ጀመር። መንገዱ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ መንዝ ሲገባ ሁለመናው ተለወጠ። የእኛ ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፤ የእነሱ ቤት ግን ከሥር እስከ ጫፍ ድንጋይ ነው፣ መስኮቱም ለድመት ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ዛፍ ስትፈልግ የምታገኘው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ታዲያ ምን ያነዳሉ ብዬ ስመለከት፣ በየግቢው ኩበት እንደ ግንብ ተቆልሏል። ለመሬቱ የሚገባው ፍግ በየምድጃው ጭስ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። እኛ ዳገታችንን እናነዳለን፣ እነሱ ማሳቸውን ያነዳሉ ብዬ አሰብኩ።

ሞላሌ ላይ ምሳ በላን። እንጀራው የገብስ ነው፤ ጠቆር፣ ወፈር ይላል፤ አንዱን የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን አያስብም። የጤፍ አገር ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ ኮራ ብዬ ነበር። ወዲያው ግን ሆዴ ሞቀኝና ኩራቴ በረደ። ጋሽ ደምሴም «ለካ ከውስጥ ነው የሚለብሱት!» አሉ።

መሃል ሜዳ ያደርንበት ቤት ባለቤት፣ ጋሽ ደምሴ ሲንቀጠቀጡ አይተው የእግር መታጠቢያ ሙቅ ውሃ አቀረቡላቸው፤ ከዚያ አንድ መለኪያ አረቄ አስከተሉ። ጋሽ ደምሴ አረቄ አይጠጡም። «እንደ መድኃኒት ነው» ብለው ወሰዱት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «መድኃኒት አቋርጦ መተው ይጎዳል» አሉ። በማግሥቱ የአልጋ ከፈልን እንጂ ለውሃውም ለመድኃኒቱም ሴትዮዋ ሳንቲም አልቀበል አሉን።

ሰኞ ዕለት ወደ ራቤል ጨው የጫነ አይሱዙ ላይ ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ሄድን። ጓሳን የማውቀው በስም ነበር። ሰማይና ሣር ብቻ ነው፤ ቅዝቃዜው ዓይን ያስነባል። ሰው ቀይ ቀበሮ ለማየት ከባሕር ማዶ ይመጣል ይባላል። እኔ አላየሁም። ጋሽ ደምሴ አይቻለሁ ይላሉ፣ እኔ ውሻ ይመስለኛል። የገረመኝ ሣሩ ነው። እኛ አገር ይህን የሚያህል ሣር በአንድ ሳምንት ይታጨዳል፤ ከዚያ ይቀጥልና ሥሩ ይበላል።

«ይህ ሁሉ ሣር ባለቤት የለውም?» ብለው ጋሽ ደምሴ ሾፌሩን ጠየቁት።

«የሁላችንም ነው፤ ለዚያ ነው ያለው» አለ ሾፌሩ። «ይዘጋል፣ ይከፈታል። ካልተከፈተ የንጉሥ በግም አትገባም። ጠባቂ አለው። ጠባቂው ደግሞ ጠባቂ አለው።»

«ጠባቂውንስ ማን መረጠው?»

«የምንጠራጠረው ሁሉ ተሰብስበን ነዋ!» ብሎ ፍሬን ረገጠ፤ መንጋ ጭላዳ መንገድ ሊያቋርጥ ነበር።

ራቤል ስንወርድ ጥቁር በርኖስ የደረቡ ረጅም ሴት ከመኪናው ሥር ቆመው ይጠብቁናል። የአጣቢዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር እትዬ ተዋበች ናቸው። ገና ሰላም ሳንባባል ለመንገደኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ድስት ቀማኞቹ ደረሱ!» አሉ። ወሬው በየት በኩል ቀድሞን እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንገቴን ደፍቼ «የልምድ ልውውጥ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«እሺ፣ ልምዱን ውሰዱ፤ ድስቱን ተዉልን። በሉ ግቡ፣ ቀማኛም ይርበዋል!»

ሆቴል ፍለጋ አልሄድንም፤ አልፈቀዱምም። ቤታቸው ወስደው በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ አቀረቡልን። ለጋሽ ደምሴ ከምድጃው አጠገብ ያለውን መደብ ለቀቁላቸው፤ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስም ደረቡላቸው። ጋሽ ደምሴ ጠርዙን በጣታቸው ሲያሹ ቆዩና፣ ሸማኔ ሸማኔን በሚያደንቅበት ድምፅ «ይህማ ቤት ነው እንጂ ልብስ አይደለም» አሉ። በመንገዳችን ሁሉ ብርዱን ሳይረግሙ ያሳለፉት የመጀመሪያው ምሽት ይህ ነበር።

ማክሰኞ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ተዋበች የክላስተሩን ግቢ አሳዩን። በዓል ስለሆነ እጃቸውን ከበርኖሱ ውስጥ ሳያወጡ፣ ሁሉን በአገጫቸው እያመለከቱ ነው ያስጎበኙን። በግቢው መሃል ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ፣ በአዳራሹ ውስጥ ያ ቦይለር። ራቤል ውስጥ ቦይለር የሚለው የለም፤ «ድስቱ» ነው የሚባለው።

«አየሽ፣ እዚያ ጠጉሩ ይታጠባል» ይላሉ በአገጫቸው፤ «እዚያ ይፈተላል፤ እዚያ ባናና በርኖስ ይሠራል። ለክር የማይሆነውን ጥራጊ እነዚያ ኮርቻ ሰፊዎቹ ይወስዱትና ኮርቻ ውስጥ ይጠቀጥቁታል። የድስቱ ጭስ ማውጫ በዚህ ግንብ ውስጥ ስለሚያልፍ ግንቡ ይሞቃል፤ ክር ይደርቅበታል። የታጠበበት ውሃ በቦዩ ወርዶ ጎመን ያጠጣል። ድሮ እያንዳንዳችን ቤታችን ውሃ ስናሞቅ ኩበቱ ክረምት ሳይገባ ያልቅ ነበር። አሁን አንድ እሳት ለሁላችን ነው፤ የተረፈው ኩበት ገብስ ማሳ ይገባል።»

እኔ በስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በስላይድ ሲብራራ የሰማሁት ነገር ይኸው በአገጭ ተነገረኝ። ሁሉም ነገር አለ። ድስቱ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ከአፉ ላይ የሸረሪት ድር አየሁ።

«ታዲያ ለምን አይሠራም?»

እትዬ ተዋበች ተነፈሱ። ግቢውን የሚጋሩት የሦስት አጥቢያ ሰዎች ናቸው፤ የዑራኤል፣ የተክለ ሃይማኖትና የመርቆሬዎስ። መጀመሪያ ሰሞን የአንዱ አጥቢያ ነጭ ጠጉር ከሌላው ጥቁር ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ማን እንደቀላቀለው አልታወቀም፤ ስለዚህ ሁሉም ተጠረጠረ። ከዚያ ወዲህ ተሰብስበው ደንብ አወጡ፤ ሦስቱም አጥቢያ ባልተገኙበት እሳት አይነድም። ደንቡ ሲወጣ ግን ማንም ቀን መቁጠሪያ አላየም። ሁሉም የሚያከብሯቸው በዓላት አሉ። በነዚያ ላይ ሃያ ሁለት ሲሆን የዑራኤል ሰው እጁን አያነሳም፤ ሃያ አራት የተክለ ሃይማኖት፤ ሃያ አምስት የመርቆሬዎስ። በዚያ ላይ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። አንዱ ሲቀር ድስቱ ይቀዘቅዛል። የሚቸኩለው ጠጉሩን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄድና ኩበቱን ያነዳል።

ይህን ስሰማ ውስጤ ደስ አለው። ምን ልደብቅ! የአለቃዬ ሪፖርት በራሱ ተጻፈ። ድስቱን የጫነ መኪና ጀማን ሲሻገር፣ አማቴም እልል ስትል ታየኝ።

እትዬ ተዋበች ግን እያዩኝ ነበር። «ድስቱ ከሄደ ግቢው ይበተናል» አሉኝ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ልጄ ከአዲስ አበባ የተመለሰችው ለዚህ ግቢ ነው፤ ያቺ ከበሩ ሥር ያለችው እንዝርት የሷ ናት። ግቢው ከተበተነ ተመልሳ ትሄዳለች። ይኸው ነው፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

ደስታዬ እዚያው ቀዘቀዘ።

ማታ እራት ላይ የዑራኤሉ ቄስ አባ ገብረ ማርያም መጡ። ለእትዬ ተዋበች አጎት ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ። ወሬው ያው ድስቱ ነው። ነገ ዑራኤል ነው፤ የሌሎቹ ሁለት አጥቢያ ሰዎች ይመጣሉ፣ የዑራኤል ሰው ግን መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ ነገም እሳት የለም።

እኔም ዝም ማለት አቅቶኝ «ከናንተ አንድ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥስ? ሌሎቹ ሲያጥቡ ጠጉራችሁን ቢጠብቅ?» አልኩ። «መቀመጥ ሥራ ነው እንዴ፣ አባ?»

አባ ጠላቸውን አስቀመጡ። «መቀመጥ ሥራ ከሆነ፣ ልጄ፣ እኔ በዚህ አገር የመጀመሪያው ሠራተኛ ነኝ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«የእኛ ሰው አይሆንም» አሉ እትዬ ተዋበች ሳቁ ሲያልቅ። «ጠጉር አይቶ እጁን የሚሰበስብ የዑራኤል ሰው አልተወለደም። ተቀመጥ ብትይው ይነሳና ያጥባል፤ ኋላ ንስሐ ይገባል። ከሌላው አጥቢያ ቢሆን ደግሞ የራሱ ጠጉር አለው፣ ማን ያምነዋል? እዚህ የሚቀመጥ ሰው በግ የሌለው ሰው ነው።» ይህን ብለው ዘወር አሉና አዩኝ። «አንቺ በግ አለሽ?»

«የለኝም።»

«በቃ፣ ነገ አንቺ ትቀመጪልናለሽ።»

ጋሽ ደምሴ ከባናው ሥር ብድግ አሉ። «እትዬ፣ እኛ እኮ ድስቱን ልንወስድ ነው የመጣነው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያመንኳችሁ። ድስቱን የፈለገ ሰው ድስቱ ሲሰነጠቅ፣ ሲቃጠል ዝም ብሎ አያይም። ከእናንተ የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?»

አባ ገብረ ማርያም እንኳ አንገታቸውን ነቅንቀው ጠላቸውን ብቻ ጠጡ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ተዋበች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ዑራኤል ሲወጡ፣ ከግቢው በር ላይ ሆነው አዳራሹ ውስጥ ያሉትን የአጥቢያቸውን ጠጉር የያዙ ጆንያዎች በአገጫቸው አሳዩኝ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» ብለውኝ ሄዱ። እኔም ጆንያዎቹ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሁለቱ አጥቢያ ሴቶች መጀመሪያ ጥርጣሬ ገባቸው፤ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ኋላ ከመርቆሬዎስ ከመጡት አንዷ «እሷ ምን ትቀላቅላለች? የሷ ጠጉር ራሷ ላይ ያለው ነው!» ስትል ተሳሳቁና ኩበቱ ገባ፣ እሳቱ ተነሳ።

ያን ጊዜ ያየሁትን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣኋችሁ። ድስቱ ማጉረምረም ጀመረ። ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። አንዷ ትዘፈዝፋለች፣ አንዷ ትጨምቃለች፤ ግንቡ ሞቀና ክር ተሰቀለበት። ኮርቻ ሰፊዎቹ ጥራጊ ሊወስዱ ጆንያ ይዘው መጡ። ጭስ የሚወጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ያን ዕለት በዚያ ሠፈር ለጠጉር ብሎ እሳት ያነደደ ሌላ ቤት አልነበረም። ጋሽ ደምሴ የሞቀውን ግንብ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ጋሼ፣ ተኙ?» ብላቸው «ዝም በይ፣ ቤቴ ደርሻለሁ» አሉኝ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ይህ ድስት እንዲህ የሚያጉረመርመው በእኔ መቀመጥ ነው። ብነሳ ደንቡ ይፈርሳል፣ እሳቱ ይጠፋል፤ ድስቱም የእኛ ይሆናል። ብቀመጥ ያለ ድስት እገባለሁ። ስነሳ ማንም አይከለክለኝም ነበር። የእንዝርቷን ባለቤት፣ የእትዬ ተዋበችን ልጅ፣ በአዳራሹ መስኮት አየኋት። እሷም የዑራኤል ናት፤ ሥራ ስለማትነካ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ግቢውን ታያለች፣ ትስቃለች። ወንበሩን ይበልጥ ደልደል ብዬ ያዝኩት።

ሙቀቱ ሲበረታብኝ ሹራቤን አውልቄ ጆንያው ላይ ጣል አደረግኩ። የእኔ ጥፋት ይኸው ብቻ ነው። የዑራኤልም ተራ ደርሶ አጣቢዎቹ ጠጉሩን ሲያነሱ ሹራቤንም አብረው አንስተው የፈላው ውሃ ውስጥ ከተቱት። ሲወጣ ለሁለት ዓመት ሕፃን የሚሆን ሹራብ ሆኗል። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ደነገጡ፤ እኔ ግን ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን ላይ ዋጋ ተከራክሬ የገዛሁት ሹራብ እንዲህ ሆኖ ሳየው ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ሹራቡን እያሳየሁ አሳቅኩ።

እትዬ ተዋበች ከሰዓት በኋላ መጡ። ግቢው ውስጥ አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆመው በአገጫቸው «የታለ?» አሉ። የአጥቢያቸው ጠጉር ሣሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ንጹሕ፣ ነጭ፣ አንድ ጥቁር ክር የሌለበት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለመጥረግ ግን እጃቸውን አላወጡም፣ በዓል ነዋ! ልጃቸው ናት የጠረገችላቸው።

ያን ማታ የሦስቱም አጥቢያ ሰዎች ተሰብስበው ደንቡን አሻሻሉ። ታቦቱ የሚከበርለት አጥቢያ በዚያ ቀን ተቀማጭ ያቀርባል፤ ተቀማጩ በግ የሌለው ሰው ይሆናል። «ከየት እናመጣለን?» ሲባል አባ ገብረ ማርያም «ራቤል ውስጥ በግ የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ ሞልቶ የለም?» አሉ። አስተማሪዎቹም፣ የጤና ጣቢያው ሰዎችም፣ የወረዳው ባለሙያዎችም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። እኔም የሙያ ባልደረቦቼን አውቃለሁና «መቀመጥ ላይ ብቃታቸው የተመሰከረ ነው» ብዬ ድጋፌን ሰጠሁ።

ሐሙስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ራቤል ሁሉ ሥራ ስለፈታ ሁሉም ሊሸኘን ወጣ። እትዬ ተዋበች በሹራቤ ፈንታ ጥቁር በርኖስ አለበሱኝ። «እኛ አገር ይህን መልበስ እሳት ውስጥ መግባት ነው» ብላቸው አልሰሙኝም። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጠጋ ብለው «ወንበሬን አሙቀሽልኛል፤ እናንተም እሳት ስታነዱ ጥሪኝ፣ የአንቺን አሞቅልሻለሁ» አሉኝ። የመንገድ ስንብት ነው ብዬ «እሺ» አልኳቸው። ከጓሳ እስከ ጣርማ በር ድረስ ያ በርኖስ ከገነት የመጣ ነበር። ለሚ ላይ አወለቅሁት፤ ጋሽ ደምሴ ግን ከእትዬ ተዋበች የተሰጣቸውን ባና ጀማ ድልድይ ላይ እንኳ አላወለቁም።

ሪፖርቴ አንድ መስመር ነበር፤ «ቦይለሩ ይሠራል።» አለቃዬ አንብቦ «ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ሕፃን የሚያህለውን ሹራብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ አልሳቀም። ክር አቅላሚዎቹ ሴቶች ግን ራቤል ያየሁትን አንድ በአንድ ሲሰሙ፣ ቦይለሩን መጠበቅ ትተው ጋሽ ደምሴን አስቀድመው አንድ የድንጋይ ምድጃ በጋራ ሠሩ፤ ከላይ ሰፊ በርሜል፣ ከጎኑ ክር ማድረቂያ ግንብ። ያለቀ ዕለት ደስ ያለኝን ያህል በማግሥቱ አዘንኩ። የቀይ ክሯ ባለቤት የቢጫዋን ጠረጠረች፣ ቢጫዋ አማቴን። በግ ባይኖረንም ሁላችን ጥጥ አለን፤ ጥጥ የሌለው ደግሞ ዘመድ ነው። እኔ ልቀመጥ ብል «የአማትሽን ክር ልትጠብቂ!» አሉኝ። ምድጃው ፋሲካ እስኪያልፍ አንድ ቀን አልነደደም፤ ሴቶቹም እየቀሩ ወደ ጓሮ ድስታቸው ተመለሱ።

ይህንን ለእትዬ ተዋበች በስልክ ነግሬያቸው ነበር፤ መስመሩ ሲቆራረጥ መልሳቸውን ሳልሰማ ቀረሁ።

በሳምንቱ መናኸሪያ አጠገብ ሳልፍ አውቶቡስ ቆመ። ከበሩ አንድ ረጅም ሴት ወረዱ፤ በዚያ ሐሩር ጥቁር በርኖስ ደርበዋል፣ ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «እትዬ ተዋበች! በዚህ ሙቀት?» ብዬ ተጠመጠምኩባቸው። «ኋላ ስፈልገው ከጭነት ሥር ማን ያወጣልኛል?» አሉኝ፤ ጋሽ ደምሴ ራቤል ላይ ሲደጋግሙት ለካ ይዘውት ነበር።

ምድጃው ጋ ወሰድኳቸው። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ ማን ናት፣ የማን ወገን ናት ይባባላሉ። እትዬ ተዋበች ማንንም አልጠየቁም። ክር የያዙትን ጆንያዎች አዩ፣ የትኛው የማን እንደሆነ በአገጫቸው አስለዩ፤ በርኖሳቸውን አውልቀው አግዳሚ ወንበሩ ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት።

«ጥጥ የለኝም፣ በዚህ አገር ዘመድም የለኝም» አሉ። «በሉ አንድዱት፤ እኔ አለሁ።»